በመስታወት ቤት ለሚኖር እባብ ምን ይጎዘጎዝለታል?

ጉዝጓዝ ሲባል በአገራችን ሰው ልብ ቀድሞ የሚመጣው በበዓል ቀን በቤት ውስጥ የሚነሰነሰው ለምለም ቄጠማ ነው። ከዚያም ቀጥሎ ለዶሮ ቤት የሚነጠፈው ሰጋቱራ፣ ለጥጃ የሚበተነው ገለባ ይታሰባል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ስለ ራቀና ስሙ ሲጠራ አንዳንዱን አንባቢ ስለሚያስደነግጥ ጉዝጓዝ ነው፤ ይኸውም በሰው ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ሳጥን ለሚቀመጥ እባብ የሚነጠፈው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በቤተሰብ መጽሔት ላይ ማየት እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ራሳችን ከአንድ ቤት በእንግድነት ገብተን የሆነውን ሁሉ ባንሰማ ኖሮ ብዕራችንን ባላነሣን ነበር።

በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚኖር አንድ የወገኖቻችን ቤተሰብ አለ። አባትየው ሌሊት በሥራ የሚያድር፣ እናትየውም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የምታገለግል ናት፤ የዐሥራ ሁለት ዓመት ወንድ ልጅና የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈው የእናትየው እናት እማሆይም ከጎጃም መጥተው ከእነርሱ ጋራ ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸው የነበረ አንድ አሜሪካዊ ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር፣ ልጁ እየሄደ ያይለት የነበረውን እባብ ከነመስታወት ቤቱ ትቶለት ሄደ። አባትየው ሚስቱን ሳያማክር እሺ ብሎ ኖሯልና፣ በዚያ ሳምንት በቤቱ የነበረውን ክርክር እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። እማሆይ ግን ነገራቸው አጭር ነበር፤ «እኔ ከእባብ ጋራ ከአንድ ጣራ በታች አላድርም፤ ወይ እርሱን አውጡ፣ ወይ እኔን ወደ አገሬ ስደዱኝ» አሉ።

ልጁ አለቀሰ። በመጨረሻም ብዙ ከተማለደ በኋላ ውል ተደረገ፤ እባቡ ከልጁ መኝታ ክፍል እንዳይወጣ፣ ክዳኑ ዘወትር በመቆለፊያ እንዲዘጋ፣ ትንሿ ልጅ እንዳትቀርበው፣ አንድ ቀን ቢያመልጥ ወይም ቢታመም ግን በዚያው ቀን ከቤት እንዲወጣ ተስማሙ። የዚህ ውል መጨረሻ ቃል በኋላ ምን እንዳመጣ እንመለስበታለን።

እባቡ ቦል ፓይተን የሚባለው ነው፤ እንግሊዞች ግን ንጉሣዊ ፓይተን ይሉታል። በአገራችን ቆላ የሚገኘው ትልቁ ዘንዶ ዘመዱ ነው፤ ይህ ግን በአፍሪካ ካሉት ዘንዶዎች ሁሉ ትንሹ ሲሆን፣ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። መርዝ የለውም። ሲፈራ ራሱን ወደ መካከል ሸሽጎ እንደ ኳስ ይጠቀለላልና ስሙ የወጣለት ከዚህ ነው። የትውልድ አገሩ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ ኡጋንዳ ያለው ሣራማ ምድር ሲሆን፣ ለገበያ ወደ ውጭ አገር የሚላከው በብዛት ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን ነው። በቤኒን አገር ዊዳ በምትባለው ከተማ ይህ እባብ የሚከበርበት ቤት ስላለ፣ ወደ ሰው ግቢ ቢገባ እንኳ በእጅ ተነሥቶ ወደ ቦታው ይመለሳል እንጂ አይገደልም። እማሆይ ይህን ሲሰሙ አማተቡ።

ዕድሜውም ረጅም ነው። በሰው እጅ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይኖራል፤ በሴንት ሉዊስ ከተማ የአራዊት ማቆያ የምትኖር፣ ዕድሜዋ ከስድሳ ዓመት እንደሚያልፍ የተገመተ አንዲት ሴት ቦል ፓይተን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 እንቁላል መጣሏ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ተጽፏል። እንግዲህ ለልጁ እባብ የሚቀበል ወላጅ፣ ልጁ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ምናልባትም አግብቶ ከቤት እስኪወጣ ድረስ የሚቆይ እንግዳ መቀበሉን አስቀድሞ ይወቅ።

የጉዝጓዝ ነገር እንዴት እንደ ተነሣ እንናገር። እባቡ ከነቆሻሻ ጉዝጓዙ ነበር የመጣው። እናትየው ንጽሕና ወዳድ ስለሆነች በማግስቱ ከአንድ መደብር ሄዳ፣ ለቤት እንስሳ ማንጠፊያ ተብሎ የተደረደረውን ሁሉ ተመለከተችና፣ ቀላ ያለ፣ ሽታው ደስ የሚል የእንጨት ፍቅፋቂ የተሞላ ከረጢት ገዝታ መጣች። «ከረጢቱን ስቀደው የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሸተተኝ፤ ሌላውን ሳላይ ከፈልኩ» ስትል ነገረችን። ይህ አባባሏ ከስሜት ብቻ የመጣ አልነበረም። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ሴዳር ይላል፤ መጽሐፍ ቅዱሳችን የሊባኖስ ዝግባ የሚለው ዛፍ በእንግሊዝኛ የሚጠራበት ቃል ነው። ነገር ግን በአሜሪካ ምሥራቅ ቀይ ሴዳር እየተባለ የሚጠራው ዛፍ በእውነቱ ዝግባ ሳይሆን ጥድ ነው፤ በየደብሩ ዙሪያ ከሚበቅለው ከሐበሻ ጥድ ጋራ አንድ ወገን ነው። አሜሪካውያን ከዚህ እንጨት የልብስ ሣጥን የሚሠሩት ሽታው ብልን ስለሚያባርር ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ብልን የሚያባርር ሽታ በአየር ውስጥ የሚተን ዘይት ነውና፣ በጠባብ ሳጥን ተዘግቶ ቀንና ሌሊት አፍንጫውን ከላዩ ላይ አሳርፎ ለሚተኛ ፍጥረት የሚስማማ አይደለም።

ዐሥር ቀን ያህል እንዳለፈ ልጁ ሌሊት ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ፉጨት የሚመስል ድምፅ ሰማ። በማግስቱም እባቡ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ሲተነፍስ አየው። ልጁ ያን ጊዜ ውሉን አሰበ፤ ቢታመም ከቤት ይወጣል ተብሏልና። አራት ቀን ለማንም ሳይናገር ዝም አለ። ማታ ማታ መብራቱን አጥፍቶ ጆሮውን ከመስታወቱ ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። በአምስተኛው ቀን በእባቡ አፍ ዙሪያ አረፋ ባየ ጊዜ ግን ልቡ አልቻለም፤ ወደ እናቱም ሳይሆን፣ ወደ አባቱም ሳይሆን፣ ማንም ባልጠረጠረው መንገድ ወደ አያቱ ሄደ። «እማማ፣ ታሟል፤ ከነገርኩ ያወጡታል፣ ካልነገርኩም ይሞታል» አላቸው። እማሆይም ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ልጃቸውን ጠርተው፣ «የታመመ አይጣልም። መጀመሪያ ይዳን፤ ከዳነ በኋላ ትጥሉታላችሁ» አሉ።

የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙም ስለ ምግቡ ሳይጠይቅ፣ ስለ ዕድሜው ሳይጠይቅ በመጀመሪያ የጠየቀው፣ «ለመሆኑ ከሥሩ ያነጠፋችሁለት ምንድን ነው?» ብሎ ነበር። እናትየው ይህን ጊዜ ፊቷ እንዴት እንደ ተለዋወጠ እርሷው ስትነግረን እንኳ ትቀላ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳቸው፣ እባብ እኛ የምናስልበት ጡንቻማ የሆድና የደረት መጋረጃ የለውም፤ ስለዚህ በመተንፈሻው ውስጥ የተጠራቀመውን አክታ ማስወጣት ይቸገራል። የእንጨቱ ዘይት መተንፈሻውን ሲያስቆጣው፣ ቅዝቃዜ ሲጨመርበት፣ ተሕዋስያን መንገድ ያገኛሉ። ለብዙ ቀናት መርፌ ታዘዘለትና፣ ፍቅፋቂው በዚያው ዕለት ተጠርጎ እንዲወጣ ተነገራቸው። ስለዚህ ስለ ሴዳር ክርክር የለም፤ ለእባብም ሆነ ለሌላ ትንሽ እንስሳ ሽታው የጎላ እንጨት አይነጠፍም። ሌላው ሙጫማ የፈረንጅ ዛፍ ፓይን የሚሉት ነው፤ በምድጃ ከደረቀ ጉዳቱ ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የተሻለ ሞልቶ ሳለ በዚህ የሚፈተን ለምን ይኖራል እንላለን።

በሕመሙ ጊዜ የተነጠፈለት ወረቀት ነው። የወጥ ቤት ሶፍት ወይም ያልተጻፈበት ወረቀት፣ ካልተገኘም ጋዜጣ፣ ለታመመ እባብና ለአዲስ መጥ እባብ ከሁሉ የሚመረጥ ነው፤ ርካሽ ነው፣ በየቀኑ ይጣላል፣ ኩሱና ሽንቱ ጤናማ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ከቅርፊቱ ሥር ገብተው ደም የሚመጥጡት ጥቃቅን ጥቋቁር ቅማሎችም በነጭ ወረቀት ላይ አይሸሸጉም። በዚህ ጊዜ ከእማሆይ ጋራ ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ልጁ ያገኘውን የታተመ ወረቀት ሁሉ ሲያነጥፍ፣ የቅዱሳን ሥዕል ያለበት ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ተቀላቅሎ አገኙበትና ከእጁ ነጠቁት። ትክክል ናቸው። የእኛንም መጽሔት ለዚህ ሥራ እንዳያውሉት አደራ ብለን ወጥተናል።

እባቡ በወር ከመንፈቅ ውስጥ ዳነ። እንዲጣል የሚያስታውስ ሰው ግን አልተገኘም።

ከዳነ በኋላ አስፐን ከሚባል ነጭ፣ ሽታ የሌለው እንጨት የተዘጋጀ ፍቅፋቂ ገዙለት። ይህ ጉዝጓዝ መጥፎ አይደለም፤ በደረቅ ስፍራ ለሚኖሩ ብዙ ዓይነት እባቦች የተመሰገነ ነው፣ እባቡም ውስጡ ዋሻ እየሠራ ይገባበታል። ለዚህ እባብ ግን አልተስማማውም። ምክንያቱን ለመረዳት የትውልድ ስፍራውን ማሰብ ያስፈልጋል። በምዕራብ አፍሪካ ያለው ሣራማ ምድር በበጋ ደረቅ ነውና፣ ይህም እባብ ደረቅ ነገር ይወዳል ብሎ መሳሳት ቀላል ነው። ዳሩ ግን እባቡ ቀኑን የሚያሳልፈው አይጦች በቆፈሩት ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ከላይ ፀሐይ ምድሩን ሲያቃጥለው፣ ከታች ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የሳጥኑ አየር እርጥበት ከመቶ 60 እስከ 70 ያህል ቢሆን ይስማማዋል፤ መለኪያውም በርካሽ ይገኛል። የአሜሪካ ቤት ግን በብርድ ወራት በማሞቂያ ስለሚሞቅ አየሩ ይደርቃል፤ እነርሱም መለኪያ ገዝተው ሲያዩት ከ30 ዝቅ ብሎ አገኙት።

የዚህ ውጤት የታየው እባቡ ቆዳውን ሲቀይር ነው። ጤናማ እባብ ቆዳውን የሚቀይረው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ መልኩ ይደበዝዛል፣ ዐይኑም በወተት እንደ ተሸፈነ ይሆናል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐይኑ ይጠራል፤ ከዚያም ቆዳውን ከከንፈሩ ጀምሮ እንደ ካልሲ ገልብጦ አንድ ወጥ አድርጎ ያወልቀዋል። የዐይኑ ቆብ ግልጽ ቅርፊት ነውና እርሱም አብሮ ይወጣል። አየሩ ሲደርቅ ግን ቆዳው እየተበጣጠሰ በገላው ላይ ይቀራል፤ የዐይኑ ቅርፊት ደግሞ ሳይወጣ በላዩ ላይ ሌላው ሲደርብ ዐይኑን ይጎዳዋል። በእጅ መላጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ዐይኑን ይዞት ሊወጣ ይችላልና። ልጁ ቁርጥራጩን እየለቀመ በጠረጴዛ ላይ ሲገጣጥም፣ የግራ ዐይኑ ቅርፊት ጠፋበት። አልወጣም ማለት ነው። መላ ያገኘ መስሎት አስፐኑን ጠዋትና ማታ ውኃ ይረጨው ጀመር፤ በሳምንቱ ከሥሩ ሻጋታ በቀለ። አስፐን ውኃ አይችልም።

ሦስተኛው ጉዝጓዝ የኮኮናት ፍሬ የውጭ ልባስ ነው፤ አሁንም ያለው በእርሱ ላይ ነው። ይህ ልባስ በስሪላንካና በሕንድ አገር ተፈጭቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ጡብ ተጠፍጥፎ ይመጣል። 650 ግራም ያህል የሚመዝን አንድ ጡብ በሞቀ ውኃ ሲዘፈዘፍ ሰባትና ስምንት ሊትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ በትንሽ ዕቃ የሚዘፈዝፍ ሰው ወለሉን ሲጠርግ ያመሻል፤ በዚያ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። ከተጨመቀ በኋላ ቢያንስ አምስት፣ ቢቻልም እስከ ዐሥር ሳንቲሜትር ውፍረት አድርጎ ማንጠፍ ነው። ትልልቅ ቁራጭ የሆነውም አለ፤ እርሱ አቧራ የለውም። ሁለቱን የሚደባልቁ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም በዐይናችን ካየነው የወደድነው ድብልቁን ነው። ከሳይፕረስ ቅርፊትና ስንጣሪ የተዘጋጀውም ለዚህ እባብ የሚስማማ ነው። ስሙ ግን የአገራችን ሰው እንዳያሳስት፤ ሳይፕረስ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ከረግረግ ስፍራ የሚገኝ የአሜሪካ ዛፍ ነው እንጂ እኛ የፈረንጅ ጥድ የምንለው አይደለም።

ውኃ የማጠጣቱም ነገር ጥበብ አለው። ከላይ መርጨት ላዩን ብቻ ያረጥባል፤ እባቡም በረጠበ ላይ ሲተኛ የሆዱ ቅርፊት ይቆስላል፣ ይበሰብሳል። ይልቅ ውኃውን በሳጥኑ ማዕዘን በቀስታ ማፍሰስ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ታች ወርዶ የሥሩን ያረጥባል፣ ላዩ ግን ደረቅ ይሆናል፣ ልክ እንደ ጉድጓዱ አፈር። ማሞቂያውን በተመለከተ፣ ከሳጥኑ ሥር የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ያለው ሰው ይጠንቀቅ። ወፍራም ጉዝጓዝ ሙቀቱን ከታች ያፍነዋል፤ እባቡም ቆፍሮ ከመስታወቱ ላይ ሲተኛ ገላው ይቃጠላል። ሙቀቱን በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ተርሞስታት ሳይኖር ማሞቂያ መሰካት ድፍረት ነው። በሙቁ ወገን 31 እስከ 33፣ በቀዝቃዛው ወገን 25 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት።

ስለ ሌሎቹ ጉዝጓዞች ብዙ አንልም። አሸዋ ብቻውን ለዚህ እባብ አይሆንም። የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳና የለውዝ ቅርፊት ከምግቡ ጋራ ቢዋጥ አንጀት ይደፍናል። እንደ ምንጣፍ የተሠራው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ካልታጠበ ይከረፋል፣ ታጥቦም ቆሻሻው ከቃጫው አይለቅም። ማዳበሪያ ያልገባበት ንጹሕ አፈር ከአሸዋ ጋራ ቀላቅለው፣ ተክል ተክለው፣ ቆሻሻውን የሚበሉ ጥቃቅን የአፈር ነፍሳት የሚያሰማሩ ሰዎችም አሉ፤ ያማረ ሥራ ነው፣ ነገር ግን ለጀማሪ ልጅ አይደለም።

አሁን እባቡን ትተን ስለ ሰዎቹ ጤና እንናገር፤ በዚህ ላይ ያገኘነው ጥፋት ከሴዳሩ ይልቅ አሳስቦናልና። ጤነኛ መስሎ የሚታይ እባብ እንኳ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተሕዋስ በኩሱ ሊያወጣ ይችላል፤ ተሕዋሱም በጉዝጓዙ፣ በውኃ ሳሕኑና በመስታወቱ ላይ ይገኛል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ ያሉ አረጋውያንና ሰውነታቸው በሽታ መከላከል የደከመባቸው ሰዎች የሚሳቡ እንስሳትን እንዳይነኩ ይመክራል። በዚህ ቤት ሁለቱም፣ ሕፃኗም እማሆይም አሉ። እኛ በሄድንበት ቀን ግን ልጁ የእባቡን ውኃ ሳሕን በወጥ ቤቱ መታጠቢያ፣ የእንጀራው ሊጥ ከተቦካበት ዕቃ አጠገብ ሲያጥብ አገኘነው። ይህን ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የጉዝጓዙ መጥረጊያ፣ ባልዲውና ጨርቁ ለብቻው ሊሆን ይገባል፤ የሚታጠበውም ምግብ ከማይገባበት ስፍራ ነው። ልጁም በነካው ቁጥር እጁን በሳሙና መታጠብ አለበት። ጓንት ቢያደርግ ይመረጣል። ኩሱ በታየ ጊዜ ዙሪያውን ካለው ጉዝጓዝ ጋራ ወዲያው ተዝቆ ይወጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ሁሉም ተጥሎ ሳጥኑ ይታጠባል። ለምግቡ የሚገዙት የበረዱ አይጦችም ከቤተሰቡ ሥጋና አትክልት ጋራ በአንድ ማቀዝቀዣ አይቀመጡም። እናትየው ይህን ስትሰማ አባትየውን አየችው፤ በማግስቱ ትንሽ ማቀዝቀዣ መገዛቱን በስልክ ነገሩን።

አይጡ ቀልጦ ሲሞቅለት በጉጠት ተይዞ ወይም በሰፊ ሳሕን ላይ ተደርጎ ይሰጠዋል፤ ይህም ጉዝጓዙን አብሮ እንዳይውጥ ነው። ልጁ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀን፤ በዐቢይ ጾም እባቡን ሥጋ ማብላት እንዴት እንደ ሆነ። እማሆይ ቀድመውን «እርሱ መቼ ተጠመቀና!» ብለው መለሱለት። ይህ እባብ ግን ማንም ሳያዝዘው ወራት ሙሉ ምግብ የሚተውበት ጊዜ አለ፤ ክብደቱ ካልቀነሰ ወላጆች ሊደነግጡ አይገባም።

ልንሰናበት ስንነሣ ልጁ ከመኝታ ክፍሉ ጠራን። እባቡ በዚያች ሌሊት ቆዳውን ቀይሮ ነበር። ቆዳው በኮኮናቱ ላይ ሳይበጣጠስ፣ ከራስ እስከ ጅራት አንድ ሆኖ ተዘርግቷል። ልጁ ጓንቱን አድርጎ አነሣውና በብርሃን ፊት ዘረጋው። እማሆይ ከበሩ መድረክ አላለፉም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከዚያው ሆነው፣ «ዐይኑስ? የግራው ወጣ?» ብለው ጠየቁ። ልጁም የራሱን ቆዳ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ እንደ ብርጭቆ የጠሩትን ሁለት ትንንሽ ክቦች አሳያቸው።